ሙሂባና የእርሳስ ዛፎቿ

ሙሂባ መሞቷን የሰማሁት ኮምቦልቻ፣ ከምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ሆኜ ነው። መልእክቱን የላከችልኝ ዘምዘም ናት፤ ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራይተን ከነበርነው አራት ሴቶች አንዷ። በድምፅ ቀድታ ነው የላከችው። መጀመሪያ ረጅም ሰላምታ አቀረበች። የእናቴን ጤና ጠየቀች፣ ዝናቡ እንዴት ነው አለች። ከዚያ ድምፅዋን ሳትቀይር፣ «ራህማ፣ ሙሂባ ወደ አኼራ ሄዳለች። ሦስት ሳምንት ሆናት። ትኩሳት ነው። እዚሁ ካርቱም፣ ማዮ ሰፈር፣ እኔ ዘንድ ነበረች። ሳትሰሚ እንዳትቀሪ ብዬ ነው» አለች።

ሦስት ጊዜ አዳመጥኩት። አንድ ደንበኛ ሱሪውን ይዞ ቆሞ ስለነበር ቁመቱን ለካሁለት፣ ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ሸኘሁት። ከዚያ የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ እጄን ሳላነሳ ቆየሁ። የቤቱ ባለቤት «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ፣ «ካርቱም የማውቃት ሴት ሞታ ነው» አልኳት።

«ዘመድሽ ናት?»

«አይደለችም።»

ዘመዴ አልነበረችም። ማን እንደነበረች ለማስረዳት ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ሙሂባ የቃሉ ወረዳ ልጅ ናት። እኔ በመተማ አድርጌ ካርቱም ስገባ እሷ አሥራ ሁለት ዓመት ኖራበት ነበር። እኔ ሃያ አልሞላኝም፤ ከአረብኛ የማውቀው የሶላቱን ብቻ ነበር። የዘምዘም አክስት ጎረቤታችን ስለነበረች የዘምዘምን ስልክ ቁጥር ይዤ መጣሁና እነሱ ዘንድ አረፍኩ። አራታችንም በየሰው ቤት ተቀጥረን እዚያው የምናድር ሠራተኞች ነበርን። የቡሪዋ ክፍል የምታስፈልገን ለጁምዓ ብቻ ነው። በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ሲሰጡን እዚያ እንገናኛለን፤ ልብሳችንን እናጥባለን፣ ፀጉር እንሠራራለን፣ አገር ቤት እንደውላለን፣ እንተኛለን።

መጀመሪያ ያየኋት ጊዜ በገመድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። አጭር ናት፤ እግሯ መሬት አይነካም። ጉልበቷ ላይ ካርቶን፣ ካርቶኑ ላይ ወረቀት፣ ከፊቷ ወለሉ ላይ ደግሞ አፈሩ ያልተራገፈ የደረቀ ሥር ተቀምጧል። ሥሩን ታያለች፣ ትንሽ ታሠምራለች፣ መልሳ ታያለች።

«እቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሥር።»

«ለመድኃኒት ነው?»

«አይ። ለማየት ነው።»

ዘምዘም ፀጉሯን እያበጠረች ሳቀች። «ተያት እሷን። እኛ የሰው ቆሻሻ ስንጠርግ ሰንብተን እንመጣለን፤ እሷ ደግሞ ቆሻሻ ተሸክማልን ትመጣለች።»

ሙሂባ እርሳሷን በምላጭ ቀረጸች፣ ፍቅፋቂውን በመዳፏ ሰብስባ በር ላይ ደፋችና ተመልሳ ተቀመጠች። የቀኝ እጇ ጎን ከትንሿ ጣት እስከ አንጓው ድረስ ሁልጊዜ ግራጫ ነው። ለሶላት ውዱእ ስታደርግ ያንን ቦታ ለብቻው ትፈትገዋለች። ሥራዋን ስትጨርስ «ኸላስ» ትላለች፤ ለማንም አይደለም የምትለው። ከዚያ ወረቀቱን ትገለብጠዋለች፣ ተመልሳም አታየውም።

ሰው ስትሥል አይቻት አላውቅም። ቤትም፣ አበባም አትሥልም። የምትሥለው ሥር፣ ግንድ፣ የዛፍ ቅርፊት፣ ወንዙ ሲጎድል የሚሰነጣጠቅ ጭቃ፣ ውሃ የበላው የዳር ድንጋይ ነው። አንድ ጊዜ ዘምዘም «የኔን መልክ ሣዪልኝና ለናቴ ልላክላት» ብላ ለመነቻት። ሙሂባ ትንሽ አየቻትና፣ «አንቺ አትቆሚም። ዛፍ ይቆማል» አለቻት። ዘምዘም ለሳምንት ያህል ተቀይማት ነበር።

ለምን እኔን እንደመረጠች አላውቅም። ምናልባት ሌሎቹ ሲተኙ እኔ እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ይሆናል። አንድ ጁምዓ «ነይ ወንዝ ዳር እንሂድ» አለችኝ። ከቡሪ ጥቁር ዓባይ ሩቅ አይደለም። ተቀመጥንና እርሳስና ግማሽ ወረቀት ሰጠችኝ፤ ከመሬትም አንድ ቅርንጫፍ አንስታ ፊቴ አስቀመጠች። የቻልኩትን ያህል አሳምሬ ሣልኩ። ቅጠሎቹን አንድ በአንድ፣ ጫፋቸውን ሳይቀር።

አየችውና፣ «ቅጠሉ ያምራል። ግን ወድቋል» አለችኝ።

«የት ወደቀ?»

«ከእንጨቱ ጋር አላገናኘሽውም። አጠገቡ ነው ያስቀመጥሽው። እይው እስቲ፣ ቅጠሉ ከእንጨቱ ሲወጣ መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ ነው የሚቀጥነው። ያቺን እብጠት ካልሣልሽ ንፋስ ያመጣው ነው የሚመስለው።» ከዚያ ስታስተምረኝ ሁልጊዜ የምትለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ አለችኝ፦ «አታሳምሪ፤ አጋጥሚ።»

ይህን ቃል በኋላ ለብዙ ነገር ስትጠቀምበት ሰምቻለሁ። አንዷ ጓደኛችን ትዳር ይዛ፣ ባሏ በየጊዜው ስጦታ ይገዛላት ነበርና ስታወራልን፣ ሙሂባ ዝቅ ባለ ድምፅ «ያሳምራል እንጂ አያጋጥምም» ብላ ነበር። በሦስት ወር ተለያዩ።

ፖሊሱ የመጣብን በሁለተኛው ዓመቴ ነው። እንደተለመደው ወንዝ ዳር ነበርን። ከፊታችን ድልድዩ ይታያል፤ ከድልድዩ ወዲህ፣ ጭቃው ውስጥ፣ አንድ ያዘመመ ሐራዝ አለ። ሐራዝ እኛ ግራር ከምንላቸው ወገን ነው፤ ሌላው ዛፍ በክረምት ሲያለመልም እሱ ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ደግሞ እሱ ያለመልማል። ሙሂባ ይሄ ጠባዩን ትወድለት ነበር። እሱን ስትሥል ነው ፖሊሱ ከኋላችን የደረሰው። ድልድይ አጠገብ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው፤ ሥዕልም ያው ነው ይላሉ። እኔ ደግሞ ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ማለት ነው፣ ጊዜው ካለፈበት ሁለት ወር ሆኖት ነበር። ከያዘኝ መታሰር፣ ከዚያ ድንበር ነው። 

«ኢቃማ ወይን?» አለ፤ ኢቃማችሁ የት አለ ማለቱ ነው። መልሳችንን ሳይጠብቅ ወረቀቱን ከሙሂባ እጅ ወሰደ። አየው። ቀና ብሎ ድልድዩን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ።

«ድልድዩ የታለ?»

«አልሣልኩትም» አለች በአረብኛ።

«ለምን? ፊትሽ አይደል ያለው?»

«አላየሁትም።»

ትቀልድብኛለች ብሎ የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበና ቆየ። ከምዕራብ የመጣ፣ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ፣ ጎልማሳ ሰው ነው። «ይህ ሐራዝ ነው» አለ በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እሾሁን ተሳስተሻል። አጉብጠሽዋል። የሐራዝ እሾህ ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚወጣው። በሐራዝ መሃል ነው ያደግሁት።»

ሙሂባ ካርቶኗን አስቀመጠችና ወደ ጭቃው ወረደች። ጫማዋ ተይዞ ቀረ፤ በባዶ እግሯ ዛፉ ሥር ደርሳ አንድ የወደቀ ጭራሮ ይዛ ተመለሰች። ሁለቱ ጎንበስ ብለው አዩት። ሰውየው ልክ ነበር። እሷ ላጲሷን አውጥታ የሣለችውን እሾህ ሁሉ አጠፋችና እሱ ቆሞ እያየ እንደገና ሣለችው። «እንዲህ?» ትለዋለች፤ «ትንሽ ረዘም አድርጊው» ይላታል። ሲያበቃ «አሁን ሐራዝ ሆነ» አለና ወረቀቱን መልሶላት ሄደ። ኢቃማ የሚባል ነገር ድጋሚ ከአፉ አልወጣም።

እኔ «አላህ አወጣን» ስላት፣ እሷ ሌላ ነገር ላይ ነበረች። «አየሽ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎባጣ አድርጌ ስሥለው» አለችኝ። ተናድዳ ነበር፤ በራሷ።

ሥዕል የተማረችው በምትሠራበት ቤት ነው። ካፉሪ፣ ከወንዙ ማዶ፣ ግቢው ሰፊ የሆነ ቤት ነበር። አባወራው ዕድሜ ልኩን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ዕፅዋት ያስተማረ ሰው ነው፤ ሁሉም «ዶክቶር» ነው የሚለው። ጡረታ ሲወጣ በዓባይ ዳር የሚበቅለውን ዛፍ ሁሉ አንድ በአንድ በእርሳስ ሥሎ ለመጨረስ ተነሳ። ከሩቡ ሳይደርስ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጀመሪያ ሙሂባን ወረቀቱን እንድትይዝለት ጠራት። ቀጥሎ ክንዱን እንድትይዝለት። አንድ ቀን መስመሩ ከእጁ አምልጦ ወረቀቱን ከዳር ዳር ሰነጠቀው። እርሳሱን አስቀመጠና፣ «አራት ዓመት እኔን ስታይ ኖረሻል። እስቲ አንቺ ሞክሪ» አላት።

አንድ የግራር ፍሬ ሃያ ጊዜ አስደጋገማት። በሃያ አንደኛው «ይሁን» አላት። ከዚያ በኋላ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ይናገራል፣ እሷ ትሥላለች። ሲያልቅ በሚንቀጠቀጥ እጁ ከሥሩ የዛፉን ስም ይጽፍበታል። እንዲህ ሆነው ሦስት ዓመት ሠሩ።

«ስምሽን ጻፊበት አላለሽም?» አልኳት አንድ ቀን።

«ብሎኛል። በአረብኛ መጻፍ አልችልም አልኩት። በአማርኛ ጻፊው አለኝ።»

«ታዲያስ?»

«አፈርኩ።»

ዶክቶር ሞተ። ሚስቱ ሐጃ ነፊሳ እግሯ ስለማይታዘዛት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበረች፤ ሙሂባ ከዚያ በኋላ እሷን መንከባከብ ሆነ ሥራዋ። ልጆቹ ሁሉ ውጭ ናቸው። በዓመቱ ትልቁ ልጅ ሃሺም መጣ። የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ ሰው የማያስቀይም፣ ንግግሩ የተለካ ሰው። የአባቱን ሥዕሎች በመስታወት አስገጥሞ ሳሎኑና በረንዳው ላይ ሰቀላቸውና ያባቱን ባልደረቦችና ተማሪዎች ለኤግዚቢሽን ጠራ። ቀኑ ጁምዓ ስለነበር ሙሂባን ላግዛት እኔም ሄድኩ። ሻይና ኬክ እናዞራለን።

ትዝ ይለኛል፣ ትሪ ይዛ ከፊቴ ትሄድ ነበር፤ ድንገት ቆመች። በሩ አጠገብ ዶክቶር ስም ያልጻፈበት አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል። ቅጠል የሌለው ዛፍ ይመስላል፤ ቀጫጭን ቅርንጫፎቹ ወደ ላይ ተበትነዋል። ከሥሩ በታተመ ወረቀት «ዛፍ፣ በበጋ» ተብሎ ተለጥፏል። ትሪውን ለኔ አቀበለችኝና ሃሺም ወደቆመበት ሄደች። ከእንግዶች ጋር ነበር።

«ኡስታዝ ሃሺም፣ ያቺ ሥዕል ተገልብጣለች።»

«የቷ?»

«የበሩ። ዛፍ አይደለችም። ሥር ናት። ሥሩ ወደ ላይ ሆኗል።»

ሃሺም ፈገግ አለ፤ እንግዶቹም። «ዛፍ ነው ሙሂባ። ሻዩን አድርሺልን» አላት በለስላሳ ድምፅ።

እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ድሮ የዶክቶር ተማሪ የነበረች ትልቅ ሴት፣ መነጽሯን አድርጋ ወደ ሥዕሉ ተጠጋች። ቆይታ «ልጅቷ እውነቷን ነው» አለች። «ቅርንጫፍ እንዲህ ያለ ፀጉር አያወጣም። ሥር ነው።» ወደ ሙሂባ ዞረችና፣ «አንቺ በምን አወቅሽ?» ብላ ጠየቀቻት።

 የመለሰችው ሐጃ ነፊሳ ናት፤ ከወንበሯ ላይ ሆና፣ ሳሎኑ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። «ስለሣለችው ነዋ የምታውቀው። የዚህን ግድግዳ ግማሽ እሷ ናት የሣለችው። እጁ ሲንቀጠቀጥ አጠገቡ የነበረው ማን ነው? እናንተ ነበራችሁ?»

 ሃሺም ጆሮው ቀላ። ሄዶ ሥዕሉን አወረደ፣ ገለበጠ፣ መልሶ ሰቀለው። ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን «ዛፍ፣ በበጋ» እንዳለ ቀረ። እንግዶቹ ሌላ ወሬ ጀመሩ። ሲሄዱ ወጥ ቤት ድረስ መጣና ሙሂባን፣ «ይህን ነገር ለሰው አታንሺ። የአባቴ ስም ነው» አላት። «ሐዲር» አለች፤ እሺ ማለት ነው።

ወደ ቡሪ ስንመለስ በሃፍላው፣ በአውቶቡሱ ውስጥ፣ እኔ ነበርኩ የምቃጠለው።

«ለምን ዝም አልሽ? የኔ ናቸው አትዪም?»

«የኔ ብቻ አይደሉማ። ያለ ዶክቶር እኔ ቅጠልና ቅጠል አልለይም ነበር።»

«ልጁ እኮ አዋረደሽ።»

«ሥሯ ቀና ብላለች። እሱ ይበቃኛል።»  ድልድዩን ተሻግረን ካበቃን በኋላ፣ «‹ሻዩን አድርሺልን› ያለኝ ነገር ግን ከፍቶኛል» አለች።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ያህል እርሳስ አልነካችም። ጁምዓ ስትመጣ እንደሌሎቹ ትተኛለች። እኔም አልጠየቅኳትም። ወንዙ ሞልቶ ጎድሎ፣ አንድ ጁምዓ ከእንቅልፏ ተነሳችና ምላጯን ፈለገች። «ያ ሐራዝ ቆሞ ይሆን?» አለችኝ። ሄደን አየነው፤ ቆሟል። ተቀመጠችና ሣለችው።

ካርቱም ውስጥ ውጊያ ሲጀመር ረመዳን ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። አሠሪዎቼ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ መደኒ ሄዱ፤ እኔ ቡሪ ክፍላችን ገባሁ። ዘምዘም ባሏ ማዮ ስለሆነ ወደዚያ ሄደች። ከብዙ ቀን በኋላ በገዳሪፍ በኩል የሚወጣ ሃፍላ አለ ብለው ነገሩን። ኔትወርክ ሲገኝ ለሙሂባ ደወልኩላት።

«ነገ እንወጣለን፤ ነይ። እንጠብቅሻለን።»

«ሐጃን ማን ያገላብጣታል?»

«ጎረቤት የለም?»

«ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል፤ ሁለት ሽማግሌ ነው የቀረው። ጀርባዋ ቆስሏል ራህማ። በየሁለት ሰዓቱ ካላገላበጥኳት ይብስባታል።»

«ሃሺምስ?»

«መንገድ የለውም። ይደውላል። ያለቅሳል።»

«ትሞቻለሽ እኮ፣ እቴ ሙሂባ።»

የተኩሱ ድምፅ በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል። ከዚያ በተለመደው ድምፅዋ፣ «ያላ፣ አንቺ ሂጂ። ሐጃ ነቅታለች፣ እየጠራችኝ ነው» ብላ ዘጋችው። በማግስቱ ወጣሁ። በአካል ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ውጊያው ከመጀመሩ በፊት በነበረው ጁምዓ ነው፤ ምን እንዳወራን እንኳ አላስታውስም።

አሥራ አራት ወር እዚያ ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻቸውን ኖሩ። ስልክ ሲሠራ አጭር መልእክት ትልክልኛለች። ውሃ ከጉድጓድ ትቀዳለች። ታጣቂዎች ሁለት ጊዜ ገብተው ያለውን ዕቃ ወስደዋል። የሥዕሎቹን ፍሬም ለማገዶ ነቃቅለዋል፤ «ወረቀቱን ትተውልናል፣ አልሐምዱሊላህ» ብላ ጽፋለች። ወረቀቶቹን ሰብስባ በሐጃ ፍራሽ ሥር አነጠፈቻቸው። ሐጃን ስታገላብጥ አንዱን ታወጣና ታሳያታለች፤ ሐጃ የዛፉን ስም ትነግራታለች። ጊዜያቸውን እንዲህ ነው የሚያሳልፉት።

ሐጃ ነፊሳ የሞተችው በክረምቱ መግቢያ ላይ ነው። መቃብር ቦታ መሄድ አይቻልም ነበር። ሙሂባ አጠበቻት፣ በነጭ አንሶላ ገነዘቻት፤ ሁለቱ ሽማግሌ ጎረቤቶች እዚያው ግቢ ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ቆፈሩ። ሶላቱን ሰገዱና ቀበሯት። ሙሂባ ከቀብሩ በኋላ ወዲያው መሄድ ትችል ነበር። ሁለት ቀን ቆየች፤ የመቃብሩን ቦታ እየሣለች።

ሦስት ወረቀት ነው። የመጀመሪያው ከቤቱ በር የሚታየውን ያሳያል፤ ኒሙን፣ ከጀርባው አጥሩን። ሁለተኛው ከአጥሩ ማዕዘን። ሦስተኛው መሬቱን ነው፤ የኒሙ ሥር ከአፈር ብቅ ብሎ፣ እንደገና ጠልቆ፣ የአጥሩን መሠረት ሰንጥቆ የገባበትን ቦታ። ከስንጥቁ እስከ ሐጃ ራስጌ ስንት እርምጃ እንደሆነ በቁጥር ጽፋበታለች። ፎቶ አንስታ ለሃሺም ላከችለት፤ ለኔም ላከችልኝ። ለሃሺም «እኔን ካጣህ ራህማን ጠይቅ» ብላ ስልኬን ሰጥታዋለች። በሦስቱም ወረቀት ግርጌ፣ በአማርኛ ፊደል፣ «ሙሂባ አሊ» ይላል። በሥዕል ላይ ስሟን ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ተኩሱ ጋብ ባለበት ሰዓት ወደ ማዮ፣ ወደ ዘምዘም ሄደች። ልብስ እያጠበች ትኖር ነበር። እርሳስ ማዮም ይገኛል፤ ግን ይህን ያህል እንደሣለች ዘምዘም አልነገረችኝም። በዝናቡ ወራት ትኩሳት ገባ። ብዙ ሰው ሞተ። በታመመች በአምስተኛው ቀን እሷም ሞተች።

የዘምዘም መልእክት ከደረሰኝ ከአንድ ወር በኋላ ስልኬ ላይ የማላውቀው የሱዳን ቁጥር ደወለ። ሃሺም ነበር። ካርቱም ተመልሷል።

«እናቴን አገኘኋት» አለኝ፣ ሰላምታውን እንደጨረሰ።

ቤቱ ግማሹ ፈርሷል። ኒሙ የለም፤ ለማገዶ ተቆርጦ ጉቶው ሳይቀር ተነቅሏል። ግቢው በሙሉ ሣርና ፍርስራሽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሥዕሎች ምንም አልጠቀሙትም። በሦስተኛው ግን የአጥሩን መሠረት እየጠረገ ስንጥቁን ፈለገ። የሥሩ ቁራጭ አሁንም ድንጋዩ ውስጥ ተሰክቶ አገኘው። ከዚያ እርምጃውን ቆጠረ፣ አስቆፈረ፤ የለችም።

«ረጅም ነኝ» አለኝ። «በኔ እርምጃ ነው የቆጠርኩት። ተቀመጥኩና አሰብኩ። ሙሂባ ስትሄድ ትዝ አለችኝ። እንደሷ አሳጥሬ እንደገና ቆጠርኩ። እዚያው ነበረች።»

እናቱን አውጥቶ ከአባቱ ጎን ቀብሯታል። ሲጨርስ ለሙሂባ ሊነግራት ደወለ። «ስልኳ አይሠራም። የት ናት?»

«ሞታለች፣ ኡስታዝ ሃሺም።»

የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለ። «በዚያ ቀን፣ በኤግዚቢሽኑ፣ እናቴ ሳትናገር በፊትም አውቅ ነበር። የአባቴን መስመር አውቀዋለሁ፤ እሱ እንደዚያ አጥርቶ መሣል ካቆመ ቆይቶ ነበር። አውቄ ነው ዝም ያልኩት» አለኝ። «ይቅር በይኝ እንዳልላት እንኳ የለችም።»

 ይቅር የምለው እኔ አይደለሁም። «ተቀይማህ ቢሆን ሁለት ቀን ቁጭ ብላ አትሥልልህም ነበር» አልኩት። የማውቀው ይህንን ብቻ ነው።

«የት ነው የተቀበረችው?»

«ማዮ። ቦታውን የምታውቀው ዘምዘም ናት።»

«ቁጥሯን ላኪልኝ» አለ።

በሳምንቱ አንድ ፎቶ መጣልኝ። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ በማስመሪያ የተሠራ ነው። ከዋናው መንገድ የሚገባው ቀጭን መንገድ አለ፣ ውሃ ጉድጓድ አለ፣ የመቃብሮቹ ረድፍ አለ፤ ርቀቱ ሁሉ በሜትር ተጽፏል። ቂብላው በቀስት ተመላክቷል። ከመቃብሯ ራስጌ አንድ የቁርቁራ ዛፍ ቆሟል። መጥረጊያ ነው የሚመስለው። ግንዱ ከመሬት የሚወጣበት ቦታ ላይ ግን ወረቀቱ ሳስቷል፤ እየሣለ አጥፍቷል፣ እየሣለ አጥፍቷል፣ አንድ ቦታማ ሊበሳ ደርሷል። ከሥሩ በአረብኛ ሙሉ ስሟን ጽፎታል።

ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ አሳተምኩትና ወደ ቃሉ ወረድኩ። ወንድሟ ሰይድ ማሳው ዳር ሆኖ ተቀበለኝ። ወረቀቱን አየው፣ አዙሮ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

መንገዱን አሳየሁት፣ ጉድጓዱን፣ ዛፉን። ከዛፉ ሥር ጣቴን አሳረፍኩ። «እዚህ ጋ ናት» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየው። «ፊቷ ወደ ቂብላ ነው?»

«ቀስቱን አየኸው? በሱ በኩል ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ወረቀቱን በአራት አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና በእጁ ጠፍጠፍ አደረገው።

«መንገዱ ሲከፈት እሄዳለሁ፣ ኢንሻላህ» አለ። «በዚህ ትገኛለች?»

«ትገኛለች» አልኩት።